«ነኝ» እና «መጣብኝ»፦ የቡድሃ የእኔነት ትምህርት በደሴ የምክር ክፍል ውስጥ (የጉዳይ ጥናት)

ለምን ተመዘገበ

ይህ ጉዳይ የተጻፈው በውስጡ ያለው ስሕተት ስለሚያስተምር ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ የምክር አገልግሎት፣ ከቡድሂዝም የተቀዳ ሐሳብ በድብርት ለታመሙ አንድ አባወራ ቀረበላቸው። በቀረበበት አነጋገር ምክንያት ጎዳቸው። ኋላ ያው ሐሳብ በራሳቸው በአማርኛቸው በኩል ሲመጣ ጠቀማቸው። ታካሚው ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ዝርዝሮች ተለውጠዋል።

ታካሚው

ዕድሜያቸው 52 ነው። የአራት ልጆች አባት፣ ሙስሊም፣ የኮምቦልቻ ነዋሪ ናቸው። በከተማዋ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በሽመና ክፍል፣ በማሽን ጥገና 23 ዓመት ሠርተዋል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ቤተሰባቸውን ይዘው ሸሹ። ሲመለሱ የሚጠግኑት ማሽን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያገኙት ሥራ የአንድ መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ነው፤ አንድ ሌሊት ይገባሉ፣ አንድ ሌሊት ያርፋሉ። የሠፈሩ ሰው ግን ዛሬም የሚጠራቸው «መካኒኩ» እያለ ነው። ይህ ስም ቀድሞ ያኮራቸው ነበር፤ ሲታመሙ ግን በሰሙት ቁጥር አንገታቸውን የሚያስደፋ ሆነ።

ይዘዋቸው የመጡት ባለቤታቸው ናቸው። በሚኒባስ ሐረጎን ወጥተው ደሴ ሲደርሱ ስለ ሕመሙ አብዛኛውን የተናገሩት እሳቸው ነበሩ። ምልክቶቹ አምስት ወር አልፏቸዋል። በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ አይተኙም፣ 7 ኪሎ ቀንሰዋል፣ እድር አይወጡም፣ ጁምዓ መስገድ ትተዋል። ጧት ፈረቃ በሚለወጥበት ሰዓት በፋብሪካው በር ላለማለፍ መንገድ ያዞራሉ። ታካሚው ራሳቸው ደጋግመው የሚሉት ሁለት ነገር ነበር፦ «ሸክም ነኝ» እና «ምንም አይደለሁም»።

ፒኤችኪው-9 በተባለው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድብርት መለኪያ ከ27 ነጥብ 19 ሆነ፤ ከመካከለኛ ከፍ ያለ ድብርት ማለት ነው። ሞትን ስለ መመኘት የሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ 1 ነጥብ አገኘ። «ባልነቃ ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ አለ፣ ዕቅድ ግን የለም። ስለዚህ ከማንኛውም ምክር በፊት የደኅንነት ሥራ ተሠራ። በፈቃዳቸው ለባለቤታቸው ተነገረ፣ ቤት ውስጥ የነበረው የተባይ መድኃኒት እንዲወጣ ተደረገ፣ ሌሊት ሐሳቡ ቢበረታ የሚደወልላቸው ሁለት ሰዎች ተመረጡ። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ተደርጎ ደኅና ሆነ። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጧት ጧት የሚወሰድ 20 ሚሊ ግራም ፍሉኦክሴቲን አዘዘ። ምክሩ በ19 ሳምንት ውስጥ 14 ጊዜ፣ በየጊዜው 50 ደቂቃ ነበር።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ቡድሃ በሕንድ፣ በቫራናሲ አቅራቢያ ለአምስት ባሕታውያን ካስተማራቸው ትምህርቶች ሁለተኛው ስለ «አናታ» እንደሆነ ይነገራል። ቃሉ በፓሊ፣ በጥንታዊ የቡድሂዝም መጻሕፍት ቋንቋ፣ «እኔ ያልሆነ» እንደማለት ነው። ሰው «ይህ እኔ ነኝ» ብሎ የሚይዛቸው ነገሮች በአምስት ይመደባሉ፦ አካል፣ ደስ የሚል ወይም የማይል ስሜት፣ ያዩትን ለይቶ ስም መስጠት፣ የልብ ግፊትና ልማድ፣ ማወቅ። ክርክሩ ቀላል ነው። ከእነዚህ አንዱ በእርግጥ «እኔ» ቢሆን ኖሮ «እንዲህ ሁን፣ እንዲያ አትሁን» ብለን ባዘዝነው ነበር። አካል ሲታመም ፈቃዳችንን አይጠይቅም፤ ሐሳብም ሲመጣ አያንኳኳም።

ይህ አስተሳሰብ ወደ ሕክምናው ዓለም የገባው በብዙ በር ነው። ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ ያለንበትን ቅጽበት ሳይፈርዱ የማስተዋል (ማይንድፉልነስ) ሥልጠና ጀመረ። ሲጋል፣ ዊሊያምስና ቲስዴል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያንን አስተሳሰብን መርምሮ ከሚያርመው ከአሮን ቤክ ኮግኒቲቭ ሕክምና ጋር አዋሕደው በ2002 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጡ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የሦስቱ ሥልጠና መጀመሪያ የተሠራው ከድብርት ላገገመ ሰው ነው፣ እንዳያገረሽበት፤ በሕመሙ መሐል ላለ ሰው አልነበረም። ስቲቨን ሄይስና ባልደረቦቹ ደግሞ ሐሳብን ከሐሳቡ ባለቤት መነጠልን የሕክምናቸው ምሰሶ አደረጉት። የደሴዋ ባለሙያ የተማረችው ከእነዚህ ነው።

ሁለት የተሳሳቱ እርምጃዎች

በሁለተኛው ቀጠሮ ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽን የመከታተል ልምምድ ለ20 ደቂቃ ተሰጠ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ታካሚው ትንፋሻቸው ፈጠነ፣ ላብ አጠመቃቸው፣ ዓይናቸውን ገለጡ። «እጄ የኔ አልመስል አለኝ» አሉ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ትንፋሽን ተከታተሉ ሲባል ብዙ ሰው ይቆጣጠረዋል፤ አየር በብዛት ሲያስገባ ጣቱ ይደነዝዛል፣ ራሱን ያዞረዋል። ሁለተኛ፣ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰምቶ ለሸሸ ሰው ዓይን ጨፍኖ ዝም ማለት እፎይታ ላይሆን ይችላል። ያ ድምፅ የሚመለሰው በዝምታው ውስጥ ነው። ባለሙያዋ ወዲያው አቆመች። እግራቸውን ከወለሉ እንዲያስነኩ፣ በክፍሉ ያሉ አምስት ነገሮችን በስማቸው እንዲጠሩ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲጠጡ አደረገች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ረጉ።

የከፋው የመጣው በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። «ሸክም ነኝ» ሲሉ ባለሙያዋ ነገሩን ከሥሩ ለመንቀል ፈለገች። «ጋሼ፣ እርስዎ ‹እኔ› የሚሉት እኮ ተይዞ የሚታይ ነገር አይደለም። ሲፈለግ የለም» አለቻቸው። ታካሚው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ እኔስ የምለው ይህንኑ አይደል? የለሁም» አሉ። በሚቀጥሉት ሁለት ቀጠሮዎች አልመጡም።

ያ አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት በኩል ጎድቷል። አንደኛው በሃይማኖት በኩል ነው። በአማርኛ «ራስ»፣ «እኔነት» እና «ነፍስ» ድንበራቸው ቅርብ ለቅርብ ነው፤ «እኔ የለም» የተባለ አማኝ የሚሰማው «ነፍስ የለህም» የሚለውን ነው። ሁለተኛውና አደገኛው በሕመሙ በኩል ነው። ድብርት ራሱ «ምንም አይደለህም» እያለ ሲሰብክ የከረመውን ባለሙያ መጥቶ ካጸደቀለት፣ ሞት ለሚመኝ ሰው ማስረጃ ሰጥቶታል ማለት ነው።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ስሕተት በምንጩ በራሱ ማስጠንቀቂያ የተሰጠበት መሆኑ ነው። ቫቻጎታ የተባለ ተቅበዝባዥ መናኝ ቡድሃን «እኔ አለ?» ብሎ ጠየቀው፤ ዝም አለው። «ታዲያ እኔ የለም?» አለው፤ አሁንም ዝም አለው። ሰውየው ከሄደ በኋላ ቡድሃ ለደቀ መዝሙሩ ለአናንዳ ነገሩን ሲያስረዳ፣ «የለም» ብለው ኖሮ ያ ግራ የተጋባ ሰው «ቀድሞ የነበረኝ እኔ አሁን ጠፋ» ብሎ ይብስበት ነበር አለው። የኮምቦልቻው መካኒክ የሆኑት ልክ እንዲሁ ነው። ቀድሞ መካኒክ የሚባል እኔ ነበራቸው፤ አሁን ጠፋ። ጃክ ኤንግለር የተባለው የሥነ ልቦና ሐኪምም በበኩሉ፣ ሰው ማንም ያልሆነ ከመሆኑ በፊት አስቀድሞ የሆነ ሰው መሆን አለበት ብሎ ነበር።

ባለሙያዋ ስልክ ደወለች። የተናገረችው ትክክል እንዳልነበረ፣ እሳቸው የሉም ማለቷ እንዳልሆነ፣ ስለ ነፍስ የሚወስነው የገዛ ሃይማኖታቸው እንጂ የምክር ክፍሉ እንዳልሆነ በግልጽ ነገረቻቸው። የልምምዱ ሥር ከቡድሂዝም መሆኑንም አልደበቀችም። ከፈለጉ ሸኻቸውን እንዲያማክሩ ጋበዘቻቸው። ተመልሰው ሲመጡ ነጥቡ 18 ነበር።

ከሰዋስው የተገኘው መንገድ

መንገዱ የተገኘው ተመልሰው በመጡበት በአራተኛው ቀጠሮ ነው። ባለሙያዋ የታካሚውን ቃል እንደወረደ ስትጽፍ ቆይታ፣ ሁለት ዓይነት አነጋገር እንደተደባለቀ አስተዋለች። አማርኛ አንዳንድ ስሜትን የሚናገረው ሰውየውን ባለቤት ሳያደርግ ነው፦ ራበኝ፣ በረደኝ፣ ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ደበረኝ። በእነዚህ ሁሉ ስሜቱ መጪ ነው፣ ሰውየው ደግሞ የተመጣበት። ማንም «እኔ ብርድ ነኝ» አይልም። «ነኝ» የሚለው ቃል ግን መጪና ሂያጅ አያውቅም። «ሸክም ነኝ» ያለ ሰው ስለ አንድ ክፉ ሌሊት የተናገረ አይመስለውም፤ ስለ ራሱ ምንነት እንጂ።

ከዚህ የወጣው ልምምድ ይህ ነው። አንድ ደብተር ገጹ በሁለት ይከፈላል። በቀኝ በኩል በቀን ውስጥ በ«ነኝ» ወይም በ«አይደለሁም» ያለቀ ራስን የሚኮንን ሐሳብ እንደመጣ ይጻፋል። ማታ በግራ በኩል ያው ሐሳብ ሳይታረምና ሳይሰረዝ «…የሚል ሐሳብ መጣብኝ» ተብሎ ይገለበጣል። በመጀመሪያው ሳምንት 31 ዓረፍተ ነገር ተጻፈ፤ ከነዚህ 14ቱ «ሸክም ነኝ» ነበሩ። የሚደረገው ይህ ብቻ ነው፤ «ሸክም አይደሉም» ብሎ ሙግት የለም። ሙግት ያቺኑ «ነኝ» መሐል ሜዳ ላይ አቁሞ በዙሪያዋ መዞር ነው።

በስድስተኛው ቀጠሮ «ሸክም» የሚለው ቃል ተለይቶ ወጣ። ሁለቱም በአንድነት፣ ጮክ ብለው፣ ሳያቋርጡ ለ30 ሰከንድ ደጋገሙት። ነገሩ ቲችነር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት ያስተዋለው ነው፤ ቃል ሲደጋገም ትርጉሙ ይራገፍና ድምፁ ብቻ ይቀራል። አሥረኛው ሰከንድ ላይ «ሸክም» ሄዶ «ክምሸ፣ ክምሸ» ሆነ። ታካሚው ፈገግ አሉ። ከመጡ ጀምሮ ፈገግታቸው የታየው ያን ቀን ነው። ይህ ልምምድ የሚሠራው ግን ሰውየው በባለሙያው ላይ እምነት ካሳደረ በኋላ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ቢደረግ ሕመሙ መቀለጃ የተደረገ በመሰለው ነበር።

ሁለት ጥንቃቄዎች የግድ ሆነዋል። አንደኛ፣ «ያዘኝ» የሚለው ግሥ አልተወሰደም። በወሎ «ያዘኝ» ሲባል ዛር ወይም ጂኒ ትዝ የሚለው ብዙ ነው፤ ሐሳቡን ከሰው ነጥሎ ለመንፈስ ማስረከብ ሌላ ፍርሃት ይተክላል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ሁልጊዜ «ሐሳብ» የሚለውን ስም ይይዛል፤ «መጣ» ያለም «ሄደ» ሊል ይችላል። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። ሰባተኛው ቀጠሮ ላይ ታካሚው «ንዴት ስለመጣብኝ ልጁን በጥፊ መታሁት» ብለው መጡ፣ ጥፋቱን ለንዴቱ አሸክመው። ያን ቀን ሕጉ ተሠራ፦ ሐሳብና ስሜት ይመጣሉ፣ ድርጊት ግን አይመጣም። «መታሁ» እንዳለ ይቆያል፣ ባለቤቱም «እኔ» ነው። ይህንንም ቡድሃ አልዘለለውም፤ «እኔ ከሌለ የተሠራው ሥራ የሚያገኘው ማንን ነው?» ብሎ ያሰበ መነኩሴ ነበር፣ ከትምህርቱ አፈንግጠሃል ተብሎ ተገሥጿል። ታካሚው ያን ማታ ልጃቸውን ይቅርታ ጠየቁ።

ማሽኑ የቱ ነው?

ናጋሴና የተባለ መነኩሴ የግሪኩን ንጉሥ ሚሊንዳን «ሠረገላው የቱ ነው? መንኮራኩሩ ነው? ዘንጉ ነው?» ብሎ እንደጠየቀው በቡድሂዝም መጻሕፍት ይነገራል፤ አንዱም ብቻውን ሠረገላ አይደለም፣ ሠረገላ የሁሉም ስብስብ ስም ነው ለማለት። ባለሙያዋ ታሪኩን ከመንገር ይልቅ የሽመና ማሽን እንዴት እንደሚፈታ እንዲያስረዷት ታካሚውን ጠየቀቻቸው። 20 ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ሞተሩ፣ ጥርሱ፣ ቀበቶው፣ መወርወሪያው፣ ድሩን የሚይዘው ጥቅል፣ ክር ሲበጠስ ማሽኑን የሚያቆመው፤ እያንዳንዱ በምን ያህል ጊዜ እንደሚለወጥ ጭምር። ከዚያ «በ23 ዓመት ውስጥ ያልተለወጠው የቱ ነው?» ተባሉ። አሰቡና፣ «የብረቱ ቋሚ ብቻ። እሱም ሁለት ጊዜ ተበይዷል። ግን ያው ማሽን ነው እንላለን፣ ቁጥሩም ያው ነው» አሉ። ቀጥለው ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «የኔም ሥራዬ አንድ ዕቃ ነበር። ዋናው ዕቃ ነበር ግን» አሉ።

«ዋናው ነበር ግን» የሚለውን ባለሙያዋ አላረመችውም፤ ደግም አደረገች። ሐዘኑ እውነተኛ ነው። 23 ዓመት የተሠራበት ነገር ሲጠፋ «የዕቃዎች ክምችት ብቻ ነበር» ማለት ጭካኔ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ቡድሃ «እኔ»ን የመደበባቸው አምስቱ ክፍሎች እንደ መፍቻ ሆኑ። በየቀጠሮው የሳምንቱ አንድ አጋጣሚ ብቻ፣ ለአሥር ደቂቃ ይፈታል። የፋብሪካው በር ምሳሌ ይህን ይመስላል። አካል፦ ደረቴ ተጨነቀ፣ እግሬ ከበደ። ስሜት፦ የማይመች። ስም መስጠት፦ «አዩኝ፣ ዘበኛ ሆነ አሉ»። ግፊት፦ ዞር ማለት። ማወቅ፦ ይህ ሁሉ ሲሆን አይ ነበር። ይህ ልምምድ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ታካሚው ራሳቸው «ስም መስጠቱ ላይ ነው የሚበላሸው፤ ማንም ምንም አላለም» አሉ።

ዝምታው በቡናው

ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ቀረ፤ በምትኩ የቤቱ ቡና መጣ። ባለቤታቸው ሲቆሉ አጠገባቸው ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸው ምጣዱ ላይ። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ ሲሄድ፣ መንጣጣት ሲጀምር፣ ጢሱ ሲነሣ መከታተል ነው ሥራው። ሐሳብ ሲመጣ በሆድ «ሐሳብ መጣ» ተብሎ ዓይን ወደ ምጣዱ ይመለሳል። ከስምንት ደቂቃ አይበልጥም። አቦል፣ ቶናና በረካው እንደወትሮው ጨዋታ ነው፣ ልምምድ የለበትም። በሳምንት አምስት ቀን ያህል ተደርጓል። በካሴት የተሰጣቸው የትንፋሽ ልምምድ ግን አንድም ቀን አልተከፈተም።

ሸኹ ያሉት

ታካሚው ሸኻቸውን አማከሩ። ሸኹ ነገሩን አልተቃወሙም፤ በቁርኣን ራሷን የምትወቅስ ነፍስ፣ «ለዋማ»፣ እንዳለች አስታወሷቸው፤ ወቀሳ ሲበዛ ግን ከአላህ ራሕመት ተስፋ መቁረጥ ክልክል መሆኑን ጨመሩ። ታካሚው ይህን በደብተራቸው ጻፉት። ባለሙያዋ ሁለቱን ትምህርቶች አንድ ናቸው አላለችም፤ አይደሉምም። እስልምና ነፍስ አለች፣ ትጠየቃለች ይላል። የተገናኙት በአንድ ጠባብ ቦታ ነው፦ ወቃሹ ድምፅ የሰውየው ሁለመና አይደለም። ሕክምናው ደግሞ ከዚያ ቦታ በላይ አልፈለገም።

ያልተሳካው

እንቅልፋቸው ከአምስት ሰዓት አላለፈም። በጥበቃው ሌሊት ለመንቃት የሚቅሙት ጫት ቀነሰ እንጂ አልቀረም፤ የሌሊት ፈረቃው እስካለ ድረስ በምክር ብቻ ይስተካከላል ብሎ መጠበቅም ትክክል አልነበረም። ሐረጎን ወጥቶ መምጣት የቀን ገቢ ስለሚያስቀር ሦስት ቀጠሮዎች በስልክ ሆኑ፤ በስልክ የተደረገው የአምስቱ ክፍሎች ልምምድ ደካማ ነበር።

ነጥቡ በዘጠነኛው ሳምንት 11፣ በመጨረሻው 7 ሆነ፤ ዘጠነኛው ጥያቄ ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ 0 ነው። ከዚህ ውስጥ የደብተሩ ድርሻ ይህን ያህል ነው ማለት አይቻልም። የመድኃኒቱ ጥቅም በደንብ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ለውጡም የታየው ያኔ ነው። በሰባተኛው ሳምንት ታካሚው የጎረቤት ወፍጮ ቤት ሞተር ጠግነው ነበር፤ ይህም እንደ ዕቅድ የተሰጣቸው የቤት ሥራ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ፍርድ፣ ደብተሩ ብቻውን ባላዳናቸው፣ ያለ ደብተሩ ግን ወፍጮ ቤቱ ድረስ ባልሄዱ ነበር የሚል ነው። «ምንም አይደለሁም» ያለ ሰው መፍቻ አያነሣም።

ለሌላ ጉዳይ የሚያገለግለው

ስለ እኔነት የሚነገር ነገር በድብርት መሐል ላለ ሰው በአሉታ አይጀመርም። «የለም»፣ «ባዶ ነው»፣ «ቅዠት ነው» የሚሉት ቃላት የሕመሙ ቋንቋ ናቸው። «ይህ ሐሳብ መጣ» ማለት ግን ስለ ነፍስ ምንም ሳይወስን ያንኑ ሥራ ይሠራል። እጄ የኔ አልመሰለኝም፣ ራሴን ከሩቅ አያለሁ የሚል ታካሚ ሲገጥም የመነጠል ልምምድ ይቁም፤ መጀመሪያ እግር ከወለል፣ ስም፣ ቦታ፣ ሰዓት።

ለኦርቶዶክስ ታካሚም መግቢያው የራሱ ይሁን። ክፉ ሐሳብን ከልብ ደጅ ቆሞ መጠበቅ በመጽሐፈ መነኮሳት የሠለጠነ አባት ለነገረው ሰው አዲስ አይደለም። የቡድሃን ስም መጥራት ግዴታ አይደለም። ሲጠየቁ ግን መደበቅ አይገባም፤ ኋላ የተሰማ እንደሆነ እምነት ይፈርሳል።

የታካሚን ቃል እንደወረደ መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን መንገዱን ያሳየው እሱ ነው። «ታካሚው የከንቱነት ስሜት አላቸው» ተብሎ ተጠቃልሎ ቢመዘገብ ኖሮ «ነኝ» አይታይም ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ

ፋብሪካው ጥቂት ሠራተኞችን መልሶ ጠራ፤ እሳቸው አልተጠሩም። ነጥባቸው ወደ 12 ወጣ፣ በአምስት ሳምንት ውስጥም ወደ 8 ተመለሰ። በዚያ ሰሞን ለአንድ ቀጠሮ ብቻ መጥተው ደብተሩን ከፍተው አሳዩ። የዚያ ቀን ገጽ ላይ የነበረው እንዲህ ይላል፦

«በሩ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር አየሁ። ስሜ የለም። ‹የተጣልኩ ዕቃ ነኝ› የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ደረቴን ጨነቀኝ። ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ቀበቶ ቀየርኩ።»